ሊማሊሞ በአንድ ትንፋሽ አይወጣም፤ ጥሪትም እንዲሁ

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች የአንድ ቤተሰብ ሀብት የሚያድገውም የሚባክነውም በጥርና በነሐሴ መካከል ባሉት ወራት ነው። እህልን፣ ኩበትን፣ ጊዜንና ብርን ቆጥቦ የሚጠቀም አባወራ ከዓመት ዓመት ምን እንደሚያተርፍ የሚከተለው ጽሑፍ ይቃኛል።

የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደባርቅ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲባል ሜዳው ያበቃና ምድሩ ገደል ይሆናል። ሊማሊሞ የሚባለው ይህ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው እየተፈለጠ የተሠራው መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ ቆላ ይወርዳል።

ከቆላ ጭኖ የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ሊማሊሞን በአንድ ትንፋሽ አይወጣውም። ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ጥምዝ በየተራው እየጨረሰ ይወጣል። የቸኮለ ሞተሩን ያግላል፤ መሀል ላይ የተዘናጋም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የደጋው አርሶ አደር ጥሪት የሚያፈራበት መንገድም ከዚህ አይለይም። መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ይዞታው ጠባብ ነው፣ ውርጩና በረዶው አይታመንም። በአንድ ዓመት ምርት ባለጸጋ የሚሆን የለም። በየዓመቱ ጥቂት እያተረፈ፣ ያተረፈውንም እንዳይንሸራተት እየደገፈ የሚሄድ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ራሱን ሌላ ቦታ ያገኘዋል።

ጥር ላይ ሻጭ፣ ነሐሴ ላይ ገዥ

በደባርቅ፣ በዳባትና በአካባቢው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይመረታል። የመኸር እህል ተወቅቶ ወደ ቤት የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ጉዳይ ሁሉ የሚጠብቀውም ይህንኑ ወቅት ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ይከፈላል፣ ግብር ይከፈላል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ ተዝካር ይወጣል፣ ልብስ ይገዛል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እህል ይዞ ወደ ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው ይወርዳል።

ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። በሐምሌና በነሐሴ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ሲሆን የብዙ ቤት ጎተራ ይራቆታል። በጥር የሸጠው ገበሬ በነሐሴ ያንኑ እህል ለመግዛት ወደ ገበያ ይመለሳል። ያን ጊዜ ዋጋውን የሚወስነው ነጋዴው ነው።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አባወራ በጥር ሦስት ኩንታል ገብስ በኩንታል 5 ሺህ ብር ሸጠ፤ በነሐሴ ደግሞ ያንኑ ሦስት ኩንታል በኩንታል 6 ሺህ 500 ብር ገዛ እንበል። ቤተሰቡ የበላው እህል ያው ራሱ ያመረተው ያህል ነው። ነገር ግን 4 ሺህ 500 ብር ከኪሱ ወጥቷል። ይህ ብር ድርቅ አልወሰደውም፣ ሌባም አልሰረቀውም። የወሰደው የመሸጫ ቀኑ ነው። ይህ በየዓመቱ ከተደጋገመ በአሥር ዓመት 45 ሺህ ብር ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቁጠባ ልማድ በአውድማ ላይ ይጀምራል። እህሉ ተወቅቶ እንዳለቀ ባልና ሚስት ተቀምጠው በአራት ይከፍሉታል። አንዱ ዘር ነው፤ አይነካም። ሁለተኛው እስከ መስከረም የሚያደርስ ቀለብ ነው፤ አይሸጥም። ሦስተኛው ለዕዳና ለግዴታ ክፍያ የሚሸጥ ነው። አራተኛው ዋጋ እስኪነሳ የሚቆይ ነው። ክፍፍሉን ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ በደብተር ቢጽፈው ደግሞ ነሐሴ ላይ ምን እንደወጣና ለምን እንደወጣ ማየት ይቻላል። በብዙ ቤት የጎተራውን ልክ ጠንቅቃ የምታውቀው እማወራዋ ናት። እርሷ ያልተማከረችበት ሽያጭ አብዛኛውን ጊዜ ከቀለቡ ይቆርሳል።

ለዘር የተቀመጠ ገብስ ለጠላ ሲወርድ፣ ለዘር የተለየ ድንች ሲቀቀል ጉዳቱ በዚያው ቀን አይታይም። የሚታየው በሰኔ፣ ዘር ፍለጋ በብድር ሲወጣ ነው። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የሚለው የአበው ብሂል የጥርን ወር በደንብ ይገልጸዋል።

ነቀዝ የሚበላው ብር

ዋጋ እስኪነሳ እህል ማቆየት የሚቻለው እህሉ ራሱ ከቆየ ነው። በጭቃ የተለሰነ ጎታና ጎተራ ለዘመናት አገልግለዋል፤ ነቀዝንና አይጥን ግን ሙሉ በሙሉ አይከላከሉም። ከአሥር ኩንታል አንዱ ኩንታል በነቀዝ ቢበላ፣ አርሶ አደሩ ያን አንድ ኩንታል ያረሰበት ጉልበት፣ የዘራው ዘርና የጨመረው ማዳበሪያ ሁሉ አብሮ ተበልቷል።

ለዚህ ችግር በአነስተኛ ወጪ የሚገኝ መፍትሔ አየር የማያስገባው ባለሦስት ድርብ ከረጢት ነው። በብዙ አርሶ አደሮች ዘንድ ፒክስ ከረጢት እየተባለ የሚታወቀው ይህ ማስቀመጫ ከውስጥ ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ከውጭ ደግሞ አንድ የተለመደ ማዳበሪያ አለው። አሠራሩን አሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን ለአደንጓሬ መሰል እህል ማከማቻ አዳብረውታል። በሚገባ የደረቀ እህል ተሞልቶ እያንዳንዱ ከረጢት ለብቻው ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል። ኬሚካል አያስፈልግም። ካልተቀደደም ከአንድ ወቅት በላይ ያገለግላል።

ሦስት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። ያልደረቀ እህል ከገባ ይሻግታል፤ እህሉ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት። ከረጢቱ መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። በየሳምንቱ እየተፈታ ከተጨለፈለት ደግሞ አየር ስለሚገባ ጥቅሙ ይጠፋል፤ የዕለት ቀለብ በሌላ ዕቃ ይቀመጥ።

ድንችና ነጭ ሽንኩርትም የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። በሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል አማካኝነት ከወጡት መካከል ጉደኔና በለጠ የተባሉት የድንች ዝርያዎች ደጋውን የሚስማሙ ናቸው። የዘር ድንች ግን በጨለማ ክፍል ተከምሮ ሲቆይ ቡቃያው ረዝሞና ቀጥኖ ይሰበራል። በርብራብ መደርደሪያ ላይ ተበትኖ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይነካው ብርሃንና አየር ሲያገኝ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። መደርደሪያውን ከባህር ዛፍና ከሣር ክዳን መሥራት ይቻላል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከነአገዳው በጥላ ሥር ደርቆ፣ ተጎንጉኖ አየር በሚያገኝ ቦታ ሲሰቀል ይቆያል። ገበያው ሲረክስ በግዴታ የሚሸጠው ማቆያ ያላዘጋጀው ነው።

ኩበቱ ወደ ምድጃ ወይስ ወደ ማሳ?

በደጋው ዛፍ እየሳሳ ሲሄድ ምድጃው ወደ ኩበት ዞሯል። ኩበት በነጻ የተገኘ ማገዶ ይመስላል። በሌላ በኩል ያው ቤተሰብ በግንቦት ማዳበሪያ ለመግዛት ብር ይበደራል። በምድጃ የተቃጠለው ፍግ ለማሳው ምግብ ሊሆን የሚችል ነበር። ማዳበሪያ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ በዓለም ገበያም ሆነ በምንዛሪ ለውጥ ምክንያት ዋጋው ሲንር አርሶ አደሩ የሚያደርገው ነገር የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ግብዓት ሁሉ የብር ዋጋው ከምንዛሪው ጋር የተያያዘ መሆኑ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል።

በበረት ያለው ፍግ ግን የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። የኮምፖስት አዘገጃጀት ለብዙዎች አዲስ አይደለም። ከታች ሸካራ አገዳ፣ በላዩ እርጥብ ቅጠልና ሣር፣ ከዚያ ፍግ፣ አመድና የላይኛው አፈር በየተራ ይነጠፋል። እየረጠበ ይሸፈናል፣ በየወሩ ገደማ ይገለበጣል። ሦስት ወይም አራት ወር ይወስዳል፤ ብርድ በበዛበት ቀበሌ ይበልጥ ሊዘገይ ስለሚችል ዝግጅቱ ከመስከረም ጀምሮ ሣሩ ሳይደርቅ ቢሆን ይመረጣል። ኮምፖስት ዘመናዊ ማዳበሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል ማለት አይደለም። አፈሩ ውሃ እንዲይዝና የተገዛው ማዳበሪያ በከንቱ እንዳይታጠብ ያግዛል።

ኩበቱ ወደ ማሳ እንዲመለስ ምድጃው ማነስ አለበት። ምርጥ የተሰኘው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ በቅርጽ ማውጫ ስለሚሠራ የተደራጁ ወጣቶች በየቀበሌው ሊያመርቱት ይችላሉ። በማገዶ ለቀማ የሚባክነው የእናቶችና የልጃገረዶች ሰዓትም ከቁጠባው ይደመራል።

ከሁሉ የከፋው ብክነት ግን አፈሩ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.አ.አ በ1970ዎቹ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆነው ባገለገሉበት ወቅት በአካባቢው ተዳፋት ላይ ያለውን የአፈር መሸርሸር ማጥናታቸው ይታወቃል። ከተዳፋት ማሳ ታጥቦ የወረደ አፈር በማንኛውም ቁጠባ አይመለስም። በጥርና በየካቲት በተፋሰስ ልማት ላይ የሚሠራው እርከን ለብዙዎች የዘመቻ ሥራ ይመስላቸዋል። ለልጅ የሚወረስ ሀብት ከማሳ እንዳይወጣ የሚያግደው አጥር ግን እሱ ነው። በእርከኑ ላይ ትሪሉሰርንና የመኖ ሣር ከተተከለ ደግሞ አጥሩ ራሱ በግ ይቀልባል።

ብር ይቀልጣል፣ በግ ይወልዳል

ቁጠባ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ብር ነው። ብርን ብቻ ማስቀመጥ ግን ጥሪትን ላይጠብቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ወስኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም ግን የሀገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። በዚያ ዓመት 100 ብር በባንክ ያቆየ ሰው 107 ብር ሲኖረው፣ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ130 ብር በላይ ሆኗል።

ይህ ማለት ባንክ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በፍራሽ ሥር ያለ ብር ወለድም የለው፣ ከእሳትና ከእጅ ማጠርም አይድንም። ባንክ የዘርና የማዳበሪያ ብር፣ ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን ብር የሚቆይበት ቦታ ነው። ከዚያ የተረፈው ግን ወደሚያድግ ነገር መለወጥ አለበት።

በደጋው የታወቀው የሚያድግ ሀብት በግ ነው። የሰሜን ደጋ ብርድን የለመደ የራሱ የበግ ዝርያ አለው። ሁለት ሴት በግ የገዛ ሰው እያንዳንዷ በዓመት አንድ ብቻ ብትወልድ፣ ወንዱን እየሸጠ ሴቷን ቢያስቀር፣ ከአራት ዓመት በኋላ ስድስት ወንድ በግ ሸጦ ሰባት ሴት በጎች ሊኖሩት ይችላል። ይህ በሽታና ሞት ሳይኖር ነው። ለዚህም ነው ክትባትና የጥገኛ ሕዋስ መድኃኒት ወጪ ሳይሆን የጥሪት መጠበቂያ የሚሆነው። በቁጥር ብዙ፣ በሥጋ ከሲታ ከሆነ መንጋ ይልቅ ጥቂት አጭዶ የሚቀለብ በግ የተሻለ ያወጣል። የገብስ ገለባና የባቄላ ገለባ በአውድማ ላይ ዝናብ እንዳይመታው ተከምሮ ከተጠበቀ፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ገበያ ማድለቢያ ይሆናል።

ባህር ዛፍም እንዲሁ ነው። እህል በማያበቅል ጥግ ላይ የተተከለ ባህር ዛፍ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ለማገር ይደርሳል። ቤት ለመሥራት ወይም ልጅን ለማስተማር ሲታሰብ የሚቆረጥ ተቀማጭ ነው። በምንጭ ዳርና በማሳ ጥግ መትከሉ ግን ውሃንና አዝመራን ስለሚጎዳ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የድግሱ ሒሳብ

ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካርና ሙት ዓመት የማኅበረሰቡ መተሳሰሪያ ናቸው። ሰው ያለ ሰው አይኖርም። ችግሩ የሚመጣው ድግሱ የይዞታ ውድድር ሲሆን ነው። ጎረቤት አንድ በሬ ስላረደ ሁለት ማረድ፣ ያም ሳይበቃ ለጠላና ለአረቄ የዓመት ገብስን ማውረድ፣ ሲያልቅም መሬትን በወቅት ማከራየት በደጋው የሚታወቅ የድህነት መግቢያ በር ነው። መሬቱን ያከራየ አባወራ በቀጣዩ ዓመት በራሱ ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ ይሆናል። ከዚያ መውጣት አንድ ዓመት አይበቃውም።

ክልሉ ለዚህ የራሱ ምሳሌ አለው። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም እንደተመሠረተ ይታወቃል። ማኅበረሰቡ በደርግ ዘመን ከቀዬው ተሰዶ ሲመለስ ያገኘው መሬት ከቀድሞው ያነሰ ነበር። በግብርና ብቻ መኖር ስላልተቻለ ሽመናን፣ የእህል ወፍጮንና ንግድን ጨመረ። ሠርግ ያለ ድግስ ይፈጸማል፤ ለሞተ ሰውም ተዝካር አይወጣም። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ለአረጋውያንና ለተቸገሩ ይውላል። ከድግሱ የተረፈው ለወፍጮ፣ ለሽመና ዕቃና ለትምህርት ቤት ሆነ።

አውራምባ የራሱ እምነትና ሥርዓት ያለው ማኅበረሰብ ነው። የደባርቅና የዳባት ገበሬ እንደ አውራምባ ይኑር የሚል የለም። የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፤ ማኅበረሰቡ ተመካክሮ ልኩን ካስቀመጠ አንድ ሰው ብቻውን ንፉግ ተብሎ አይታማም። በእድር፣ በማኅበርና በሰንበቴ የታቀፉ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች የድግስን መጠን በመተዳደሪያ ደንብ ቢወስኑ፣ የሚያፍረው ደንቡን የጣሰው ይሆናል። ሙሽሮችን በበሬ ሥጋ ከማክበር ይልቅ ጊደር ወይም ሴት በግ መስጠት ትዳሩን አብሮ ያሳድገዋል።

ከትልቁ ድግስ ባልተናነሰ የሚያፈሰው ትንሹ ወጪ ነው። በገበያ ቀን በየመጠጥ ቤቱ 200 ብር የሚያወጣ ሰው በዓመቱ 52 ሳምንታት 10 ሺህ 400 ብር አውጥቷል። ሲወጣ አልታየውም፤ ሲጠራቀም ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች የትምህርት ቁሳቁስና የበግ መግዣ ይሆናል።

ከሜዳ የተገኘ፣ ከሜዳ እንዳይቀር

ደባርቅ ከግብርና ውጭ ሌላ ገቢ አላት። እ.አ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር ናት። አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮች፣ ጠባቂዎችና በቅሎ አከራዮች በየተራቸው ሥራ ያገኛሉ። የፓርኩ ጎብኚ የሚበዛው መስከረም ከጠባ እስከ በጋው አጋማሽ ነው።

ይህ ገቢ በአንድ ጊዜ በጥሬ ብር ስለሚመጣ ቶሎ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ጎብኚውን ሲያስቀር በበቅሎ ኪራይ ብቻ ይተዳደር የነበረ ቤተሰብ ድንገት ባዶ እጁን ቀርቷል። ከገቢው ላይ በየጊዜው ሴት በግ ይገዛ፣ ባህር ዛፍ ይተክል ወይም ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ያከራይ የነበረው ግን መሸጋገሪያ አላጣም። ወቅታዊ ገቢ ያለው ሰው ሁሉ፣ የመስኖ ነጭ ሽንኩርት አምራቹም ጭምር፣ ብሩ በእጁ በገባበት ሳምንት የተወሰነውን ክፍል ወደ ሌላ ሀብት የመለወጥ ልማድ ያስፈልገዋል። ከወጪ የተረፈውን እቆጥባለሁ ያለ ሰው የሚተርፈው የለም። ቀድሞ ያስቀመጠ በቀረው ይኖራል።

ሦስት ቁልፍ ያለው ሳጥን

ብቻውን ለመቆጠብ የሚቸገር ሰው በጋራ ይበረታል። እቁብ ለዚህ ጥንታዊና ቀላል መንገድ ነው። 20 ሰው በወር 500 ብር ቢጥል የደረሰው 10 ሺህ ብር በአንድ ጊዜ ያነሳል። እቁብ የወጣለት ሰው ብሩን አስቀድሞ ለወሰነው ዓላማ ካላዋለው ግን በትንሽ በትንሹ የተሰበሰበው በአንድ ቀን ይበተናል።

ሌላው የመንደር ቁጠባና ብድር ቡድን ነው። አሠራሩ እ.አ.አ በ1991 በኬር ድርጅት አማካኝነት በኒጀር ሴቶች መካከል ተጀምሮ ወደ ብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ተሰራጭቷል። ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ተሰብስበው አቅማቸው የፈቀደውን ድርሻ ይገዛሉ። ብሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ቁልፍ በያዙለት ሳጥን ይቀመጣል፤ ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈትም። ከእሱ ለአባላት በአነስተኛ ወለድ ይበደራል፤ በዓመቱ መጨረሻ ዋናውና ወለዱ እንደየድርሻው ይከፈላል። ወለዱ ወደ አራጣ አበዳሪ ሳይሄድ እዚያው መንደር ይቀራል።

በክልሉ ደረጃ ደግሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1989 ዓ.ም ፈቃድ አግኝቶ ለዓመታት የገጠሩን ቁጠባ ሲያሰባስብ ቆይቶ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም አሉ። ብድር መጥፎ አይደለም፤ መመዘኛው ብሩ ምን ላይ ዋለ የሚለው ነው። ለሚወልድ፣ ለሚበቅል ወይም ለሚያመርት ነገር የተወሰደ ብድር ራሱን ይከፍላል። ለድግስ የተወሰደ ብድር የሚከፈለው በቀጣዩ ዓመት ቀለብ ነው።

ጥሪት በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥም

የአካባቢው ሕዝብ ባለፉት ዓመታት የከፈለው ዋጋ አንድ መሪር ትምህርት ትቷል። በ2013 ዓ.ም ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና በደረሰ ጊዜ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፤ እህልና ከብትም ወድሟል። በ2015 ዓ.ም ክረምት ዝናብ ሲቀር ደግሞ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ብዙ ቤተሰቦች ከብቶቻቸውን አጥተዋል። ሀብቱ ሁሉ በበረት የነበረ ሰው በድርቅ ባዶውን ቀረ። ሀብቱ ሁሉ በጎተራ የነበረም እንዲሁ።

ለዚህ መጠን ላለው መከራ የግለሰብ ቁጠባ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ የመንግሥትና የወገን ድጋፍ የግድ ነው። ይሁን እንጂ ጥሪቱ ጥቂት በእህል፣ ጥቂት በከብት፣ ጥቂት በዛፍ፣ ጥቂት በባንክ ደብተር የተከፋፈለ ቤተሰብ ሁሉንም በአንድ ቀን አያጣም። የቀረችው እርሾ ናት፤ በእርሾ ደግሞ ይቦካል። ድርቅ እንደሚመጣ ምልክት ሲታይ ከብት ሳይከሳ ከፊሉን ቀድሞ ሸጦ ብሩን ማስቀመጥም ከቁጠባ ልማዶች አንዱ ነው። ከከሳ በኋላ የሚሸጥ በሬ የቆዳ ዋጋ እንኳ ላያወጣ ይችላል።

የወረዳው ድርሻ

አርሶ አደሩ በጥር የሚሸጠው ስላልቆጠበ ብቻ አይደለም። የሚከፈል ነገር ሁሉ በጥር ስለሚጠየቅ ነው። የግብዓት ዕዳ፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የግብርና ገቢ ግብርና ልዩ ልዩ መዋጮ በአንድ ወር ሲከመሩ ገበያው በእህል ይጥለቀለቃል። ወረዳዎች በሥልጣናቸው ሥር ያለውን የክፍያ ጊዜ በሁለትና በሦስት ዙር ቢያደርጉት አንዲት ብር ሳያወጡ የገበሬውን ገቢ ያሳድጋሉ።

ሁለተኛው የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ነው። ማኅበሩ በምርት ወቅት እህል ገዝቶ አቆይቶ ሲሸጥ ትርፉ በክፍፍል ወደ አባሉ ይመለሳል። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372/1996 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። ገበሬው እህሉን በመጋዘን አስቀምጦ በደረሰኙ ብድር የሚያገኝበት አሠራር በደጋው ገብስ አምራች ቀበሌ ቢሞከር፣ የጥር ሽያጭ አስገዳጅነት ይቀንሳል። የብቅል ገብስ አምራቾችም ከመዝራታቸው በፊት በማኅበራቸው በኩል የዋጋ ውል ቢይዙ በደላላ አይጎዱም።

ሦስተኛው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ምክር ነው። የግብርና ባለሙያ ስለ አዘራር ብቻ ሳይሆን ስለ ደብተር አያያዝ፣ ስለ እህል አቀማመጥና ስለ ድግስ ሒሳብም በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ቢያስተምር ምርቱ ከማሳ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራም ወደ ጥሪት ይደርሳል። አየር የማያስገባው ከረጢትም ሆነ ምርጥ ምድጃው ከመኸር በፊት በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል መቅረብ አለበት። ታኅሣሥ ላይ የሚመጣ ከረጢት ነቀዝ ከገባ በኋላ የመጣ ነው።

ቁጠባ እና ስስት

በመጨረሻ መለየት ያለበት ነገር አለ። ቆጥቦ መኖር ማለት ሳይበሉ መኖር አይደለም። በእ.አ.አ 2016 የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል። በ2007 ዓ.ም መንግሥት ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም መቀንጨርን እ.አ.አ እስከ 2030 ለማስቀረት ያለመ ነው። እንቁላሉን ሁሉ ሸጦ፣ ወተቱን ሁሉ ለገበያ አውጥቶ፣ ባቄላውን ሁሉ ለነጋዴ ሰጥቶ ልጁን በቆሎ እንጀራ ብቻ የሚያሳድግ ቤተሰብ የቆጠበ ይመስለዋል። የቀነጨረ ልጅ በትምህርትም በጉልበትም ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ያ ቤተሰብ የነገውን ጥሪት ዛሬ በርካሽ ሸጦታል። ከአምስት እንቁላል ሁለቱ ለልጆች ሊቀሩ ይገባል። ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ደብተርና ጫማም ከድግሱ በፊት ይመጣል።

ስስታም ሰው ለራሱም ለሰውም አይሆንም። ቆጣቢ ግን የሚያወጣበትን ያውቃል። ሊማሊሞን የሚወጣው ሾፌርም ነዳጅ የሚቆጥበው ባለመሄድ ሳይሆን ማርሹን ከዳገቱ ጋር በማስማማት ነው። በዚህ ዓመት አውድማ ላይ እህሉን በአራት የከፈለ፣ አንድ ከረጢት የገዛ፣ አንድ ጉድጓድ ኮምፖስት ያዘጋጀና ሁለት ሴት በግ ያሰረ አባወራ የመጀመሪያውን ጥምዝ ጨርሷል። ቀጣዩ ጥምዝ በሚቀጥለው ጥር ይጠብቀዋል።